ካሜራው ከመተከሉ በፊት፦ ለከተማ ቀረጻ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ

ሥራዬ ለፊልም ቀረጻ የሚሆን ቦታ ማፈላለግና የቦታውን ፈቃድ ማስጨረስ ነው። ዳይሬክተሩ አንዱን ጥግ አይቶ «የምንቀርጸው እዚህ ነው» ብሎ ሲሄድ እኔ እዚያው እቀራለሁ። ግድግዳው የማን ነው? ከፊቱ ያለውን የእግረኛ መንገድ የሚያስተዳድረው ማን ነው? የመብራት ምሰሶውስ? መልሱን የምፈልገው እኔ ነኝ።

በሥራው ላይ ሁለት ዓመት ያህል እንደቆየሁ ንጋት ላይ የሚቀረጽ አንድ ትዕይንት ነበረን። የምንፈልገው ብርሃን ከአርባ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ክሬኑ ተተክሏል፤ ተዋናይዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ከሠላሳ በላይ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አንድ ደንብ አስከባሪ መጣና ወረቀት ጠየቀኝ። ሳላመነታ ሰጠሁት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማህተሙ ሁሉም ልክ ነበር። ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበበውና ጣቱን አንድ ቃል ላይ አሳረፈ። «በመንገዱ ላይ ይላል። ክሬናችሁ ያለው ግን ሣሩ ላይ ነው» አለኝ። መንገዱ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ሣሩ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የሣሩ ቢሮ የሚከፈተው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ እያየናት ወጣች፤ ዕቃችንን ጠቅልለን ተመለስን። አስከባሪው ትክክል ነበር። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሣሩን ሳልጠቅስ የቀረሁትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማመልከቻ ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ቦታውን በእግሬ እዞረዋለሁ። ይህን የምጽፈውም ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ይዘው አደባባይ ለሚወጡ ሰዎች ነው።

ቦታው የስንት ሰው ነው?

ቦታውን የምታዩት ቀረጻው በሚካሄድበት የሳምንቱ ቀንና በዚያው ሰዓት ይሁን። እሑድ ጭር ያለ መንገድ ሰኞ ጠዋት የተማሪዎች መተላለፊያ ሆኖ ይገኛል። አንድ ነጭ ወረቀት ያዙና ቦታውን ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ አድርጋችሁ ንደፉት። ካሜራው የሚቆምበትን፣ መብራቱ የሚተከልበትን፣ ጄኔሬተሩና መኪኖቹ የሚያርፉበትን፣ ሠራተኛው የሚመገብበትን ሳይቀር አስገቡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ነገር ላይ የባለቤቱን ስም ጻፉ።

አንዲት ሴት ከድልድይ ሥር ወጥታ ካፌ በር ላይ ታክሲ ትሳፈራለች እንበል። በፊልሙ ላይ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት ነው። ድልድዩ የመንገዶች ባለሥልጣን ሊሆን ይችላል። የእግረኛ መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ታክሲው የሚቆምበት መስመር የትራፊክ ፖሊስን ይመለከታል። ዛፉ ሥር መብራት ካቆማችሁ ፓርኮችን የሚያስተዳድረው ክፍል ይመጣል። ካፌው ደግሞ ተከራይ አለው፤ አከራይም አለው። ተከራዩ በደስታ «ግቡ» ብሎን ቀረጻው መሐል ላይ አከራዩ ደርሶ ያስቆመን ጊዜ አለ፤ አሁን የሁለቱንም ፊርማ ሳልይዝ ዕቃ አላወርድም።

ይህን ንድፍ መሥራት የሚሰለቸው ሰው የባቡር ሐዲዱን ታሪክ ይወቅ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንድ የፊልም ቡድን በባቡር ድልድይ ላይ አልጋ ዘርግቶ ሲቀርጽ ባቡር ደረሰ። የ27 ዓመት ወጣት የነበረች የካሜራ ረዳት ሞተች፤ ሌሎችም ተጎዱ። ቡድኑ በሐዲዱ ዙሪያ ያለው መሬት ባለቤት ፈቅዶለት ነበር። የሐዲዱ ባለቤት የሆነው የባቡር ድርጅት ግን በጽሑፍ ከልክሎታል። ዳይሬክተሩ ጥፋቱን አምኖ ታስሯል። የጎረቤት ፈቃድ የባለቤት ፈቃድ አይደለም፤ በዚያ ድልድይ ላይ የሰው ሕይወት የጠፋው ይህ ልዩነት ችላ በመባሉ ነው።

ፈቃድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መጀመሪያ ከተማችሁ የፊልም ቢሮ እንዳለው አጣሩ። ኒው ዮርክ በከንቲባ ጆን ሊንዚ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1966 እንዲህ ያለ ቢሮ ስትከፍት ፊልም ሠሪዎች ፈቃድ ፍለጋ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲመላለሱ የነበሩበት ጊዜ አበቃ። ዛሬ በርካታ ከተሞች ተመሳሳይ ቢሮ አላቸው። ካለ በዚያ ጀምሩ። ከሌለ የባህል ወይም የኮሙኒኬሽን ጉዳዮችን የሚይዘውን ክፍል ጠይቁ፤ ከሁሉ በፊት የምታነጋግሩት ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን ይሁን። የትኛው ደብዳቤ ወደየትኛው ክፍል እንደሚመራ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ለሁሉም ቀረጻ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ ብዙ ያስተማረኝ የኒው ዮርክ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የከተማዋ ቢሮ ያወጣው ረቂቅ ደንብ ሁለት ሰው እንኳ ካሜራ ይዞ አንድ ቦታ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ፈቃድና መድን እንዲኖረው የሚጠይቅ ነበር። ፎቶ አንሺዎችና ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ተቃወሙ፤ ረቂቁ ተሻሽሎ በ2008 ጸደቀ። በእጅ በተያዘ ካሜራ ወይም በትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የሚቀርጽ ሰው የሕዝብን ቦታ ለብቻው እስካልያዘና መንገድ እስካልዘጋ ድረስ ፈቃድ እንዳያስፈልገው ተወሰነ።

የየከተማው ደንብ ይለያያል። ጥያቄው ግን በየትም አንድ ነው፦ የሌላውን ሰው ቦታ ትይዛላችሁ? ገመድ ከዘረጋችሁ፣ «በዚህ አትለፉ» ካላችሁ፣ መኪና የሚቆምበትን ቦታ ከያዛችሁ፣ ጄኔሬተር ካስነሳችሁ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል ብላችሁ ተነሱ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያሉ ሳይጠይቁ መቅረጽን የሚመርጡ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ከተቋረጠ ቀረጻ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ሁለት እጥፍ ጊዜ ሲፈጅ አይቻለሁ።

ደብዳቤው

ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ለዓመታት ደክሜበታለሁ። ማመልከቻዎቼ ያማሩ ነበሩ። ስለ ፊልሙ ጥበባዊ ፋይዳ፣ ስለ ዳይሬክተሩ ልምድ፣ ስለ ከተማዋ ገጽታ ግንባታ እጽፍ ነበር። መልሱ «ነገ ተመለስ» ነው። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ የቢሮ ሠራተኛ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይህን ፈርሜ ነገ አለቃዬ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?» አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፦ መንገድ ይዘጋል ወይ? ሕዝቡን ማን ይጠብቃል? የሆነ ነገር ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ከሦስቱ አንዱም በደብዳቤዬ ውስጥ አልተመለሰም ነበር።

ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ፊልማችሁን አይመዝንም። የሚመዝነው ፊርማውን ነው። እዚያ ወረቀት ላይ ስሙን ካሳረፈ በኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ነገ ለሚነሳበት ጥያቄ መልስ የሚሆን ሰነድ ይሁንለት። ዱሮ እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«በአካባቢው አጭር ትዕይንት ለመቅረጽ ስለፈለግን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን በትህትና እንጠይቃለን።»

አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ማክሰኞ ከጠዋቱ 12፡00 እስከ 4፡00 ሰዓት በድልድዩ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በግራ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድና ከአጠገቡ ባለው ሣር ላይ እንቀርጻለን። ቡድኑ 14 ሰዎች ነው። አንድ ካሜራ በትሪፖድ፣ ሁለት በባትሪ የሚሠሩ መብራቶች እንጠቀማለን፤ ጄኔሬተር አይኖርም። ትዕይንቱ አንዲት ሴት ታክሲ ስትሳፈር የሚያሳይ ነው። የመኪና መንገድ አይዘጋም። ለእግረኛ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያልፍበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ አስተናባሪ እናቆማለን። ዝናብ ቢዘንብ ተለዋጩ ቀን ሐሙስ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ለሚደርስ ጉዳት የኃላፊነት መድን የገባን ሲሆን ሰርተፍኬቱ ተያይዟል።»

ሣሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ተለዋጭ ቀኑንም እንዲሁ። ዝናብ ቀረጻን ቢያቋርጥ ፈቃዱ ለዚያ ቀን ብቻ ከሆነ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ሁለት ቀን ለመጠየቅ የምትጨምሩት አንድ መስመር ነው።

ትዕይንቱን በትክክል ግለጹ። አንድ ጊዜ የነበርኩበት ቡድን «ሁለት ጓደኛሞች ይነጋገራሉ» ብሎ አመለከተ። ንግግሩ የሚያልቀው በጩኸትና በማሳደድ ነበር። ከፎቅ ላይ ያየች አንዲት እናት እውነተኛ ጠብ መስሏት ፖሊስ ጠራች። ፖሊሶቹ በመምጣታቸው የሚወቀስ የለም፤ ያስፈራን እኛ ነን። ሙሉ ስክሪፕት መስጠት ካልፈለጋችሁ የዚያን ትዕይንት ብቻ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አያይዙ። ጩኸት ካለ ጩኸት አለ በሉ።

የቀረውን በአጭሩ ልበለው። ደብዳቤውን ለሚመለከተው ቢሮ በስሙ ጻፉት እንጂ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላችሁ አትበትኑት፤ ለሁሉም የተጻፈ ደብዳቤ የማንም ሥራ አይሆንም። ንድፉን አያይዙ። ግልባጩ ለትራፊክ ፖሊስና በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ ይድረስ። ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ፤ ሳምንት ቆይታችሁ «ደብዳቤያችሁ የለም» ብትባሉ የምትመዙት እሱን ነው። ክፍያ ካለ በደረሰኝ ብቻ ክፈሉ። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ ያስገኘው ፈቃድ ሲጠየቅ የሚቆምለት ሰው የለውም። ቀኑን ደግሞ ከቀረጻው ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ የእግረኛ መንገድ በጥቂት ቀናት ሊያልቅ ይችላል፤ መንገድ መዝጋት፣ አውቶቡስ አቅጣጫ ማስቀየር፣ ተኩስና ፍንዳታ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ።

መድን

ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ይጠይቃሉ። መንገደኛ ገመዳችሁ አደናቅፎት ቢወድቅ፣ መብራታችሁ የሱቅ መስታወት ቢሰብር የሚከፍለው ይህ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ የከተማው አስተዳደር ስም እንደ ተጨማሪ መድን ገቢ እንዲሰፍር፣ ማለትም መድኑ አስተዳደሩንም እንዲሸፍን፣ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ይህን ለመድን ድርጅታችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ በመጨረሻው ቀን ስም ለማስገባት መሯሯጥ ብዙ ቀረጻ አዘግይቷል። የኪራይ ካሜራው መድን ሌላ ነው፤ እሱ ዕቃውን እንጂ መንገደኛውን አይሸፍንም።

ጎረቤት

በወረቀት የተፈቀደውን ጎረቤት ሊያስቆመው ይችላል። ቅሬታ ማቅረብ መብቱ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፈቃድ የሚያስተባብረው ፊልምኤልኤ በቀረጻው ዙሪያ ለሚኖሩና ለሚነግዱ ሰዎች አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲደርሳቸው ያደርጋል። ከተማችሁ ይህን ባይጠይቅ እንኳ እናንተ አድርጉት። ማስታወቂያውን እያንዳንዱን በር እያንኳኳሁ በእጄ እሰጣለሁ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሚሰማው ድምፅ፣ የሚዘጋው ቦታ፣ ቅሬታ ያለው ሰው የሚደውልበት የእኔ ስልክ ይጻፍበታል። ሲደወል አነሳለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን።

በር ማንኳኳት ወረቀት የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። አንዱ ቤት ውስጥ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ነርስ አለች። ሌላው ጋ የታመመ ሰው ስላለ አምቡላንስ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ይችላል። ባለሱቁ ዕቃ የሚያስገባው ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ንድፌ ላይ እጽፋለሁ፤ ጄኔሬተሩም መኪኖቹም ቦታቸውን የሚይዙት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ማለዳ የዘረጋነውን ኬብል በጎማ መሸፈኛ ሸፍነን፣ ምልክት አቁመን፣ ሁሉ ተሟልቷል ብለን ነበር። አንድ ዓይነ ስውር ሰው በየቀኑ በሚሄዱበት መንገድ መጡ። በትራቸው መሸፈኛውን ነካና ቆሙ። እንደገና ነኩት፤ ወደ ግራ ሞከሩ፣ የመብራት ማቆሚያ አገኙ፤ ወደ ቀኝ ሞከሩ፣ ሳጥን አገኙ። ያቆምነው ምልክት የሚታይ እንጂ የሚዳሰስ አልነበረም። ሮጬ ደርሼ ክንዴን ሰጠኋቸው። «ይህ መንገድ ከቤቴ እስከ አውቶቡሱ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ነው፤ ዛሬ ጠፋብኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኬብል የእግረኛ መንገድን እንዲያቋርጥ አልፈቅድም፤ በላይ ይሰቀላል ወይም በሌላ ይዞራል። አስተናባሪ የማደርገውም ስልኩን የማያይ ሰው ነው።

ለብቻቸው ፈቃድ የሚፈልጉ ነገሮች

የቦታ ፈቃድ በውስጡ ለሚደረገው ነገር ሁሉ ፈቃድ አይደለም። የጦር መሣሪያ፣ የፕላስቲክም ቢሆን፣ ለፖሊስ በጽሑፍ መነገር አለበት፤ ከሩቅ የሚያየው ሰው መለየት አይችልም። የፖሊስና የወታደር ዩኒፎርም የለበሰ ተዋናይ ከቀረጻው ክልል ወጥቶ ሲጋራ ለመግዛት እንኳ አይሂድ። እሳት፣ ጭስና ፍንዳታ የእሳት አደጋ መከላከያን ፈቃድና በቦታው የሚቆም ባለሙያ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 በኒው ሜክሲኮ ግዛት ለቀረጻ በተዘጋጀ ሽጉጥ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ተገኝቶ የካሜራ ዳይሬክተሯ ሕይወቷ አልፏል።

ሕፃናት ካሉ ለብቻው ተቀምጣችሁ ሥሩበት። የሥራ ሰዓታቸው፣ የወላጅ ፈቃድ፣ ትምህርታቸው፣ በብዙ ቦታ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ፈቃድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1982 በካሊፎርኒያ ሌሊት ላይ በሚካሄድ ቀረጻ ፍንዳታ ሄሊኮፕተር ጥሎ አንድ ተዋናይና ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ሕፃናቱ የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ነበሩ። የተቀጠሩት ያለ ፈቃድ ነው፤ ሕጉ በዚያ ሰዓት ሊያሠራቸው አይችልም ነበርና። ፈቃድ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ መልሱ «አይሆንም» ነበር፤ ልጆቹም ቤታቸው ተኝተው ያድሩ ነበር። «አይሆንም» ሲባል የምትናደዱ ከሆነ ይህን አስቡ።

ድሮን የከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አየሩን የሚያስተዳድረው የሲቪል አቪዬሽን ነው። አሜሪካም የአውሮፓ ኅብረትም በመደበኛው ደንባቸው የከፍታውን ጣሪያ 120 ሜትር ገደማ አድርገውታል፤ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ማብረርና አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ መብረር ደግሞ በየትም ጥብቅ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የፈቀደላችሁ የምትነሱበትን መሬት ነው።

በካሜራው ውስጥ የሚገባውን ግድግዳም ተመልከቱ። የግድግዳ ሥዕል፣ ሐውልት፣ የንግድ ምልክት የራሱ ባለመብት ሊኖረው ይችላል። የፓሪሱ የኤፍል ማማ ቀን ላይ ከቅጂ መብት ነፃ ነው፤ ማማውን የሠራው ጉስታቭ ኤፍል የሞተው እ.ኤ.አ. በ1923 ስለሆነ የመብቱ ጊዜ አልፏል። የሌሊቱ መብራት ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተሠራ የሌላ ሰው ፈጠራ ስለሆነ ለንግድ የሚውል የሌሊት ምስል የአስተዳዳሪውን ድርጅት ፈቃድ ይጠይቃል። አንዱ ማማ፣ ሁለት ሕግ፤ ልዩነቱ የቀረጻው ሰዓት ነው።

በዕለቱ

አንድ ማህደር በእጄ ይኖራል፤ ሁለተኛው በረዳት ዳይሬክተሩ እጅ። ፈቃዱ፣ ግልባጮቹ፣ የመድን ሰርተፍኬቱ፣ ንድፉ፣ የፈረሙልን ኃላፊዎች የቢሮ ስልክ በውስጡ ነው። ሕግ አስከባሪ ሲመጣ ወደ እሱ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው ከከበበው ይጨነቃል። «ምን ልርዳዎት?» ብላችሁ ወረቀቱን ስጡት፤ እስኪጨርስ አትናገሩ። አቁሙ ካለ አቁሙ። ከፈቃዱ ውጪ የሆነ ነገር ዳይሬክተሩ ካማረው፣ አምስት ሜትር ወደዚያ ማለት እንኳ ቢሆን፣ መጀመሪያ ንድፉን ክፈቱ።

ዕቃ ከማውረዳችን በፊት የቦታውን ፎቶ አነሳለሁ፦ ሣሩን፣ የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ፣ ግድግዳውን፣ ተሰንጥቆ ያገኘሁትን ሁሉ። ስንጨርስ ከዚያው ማዕዘን እንደገና አነሳለሁ። ቴፕና የገመድ ቁራጭ በእጃችን ለቅመን፣ የባለቦታውን ፊርማ ተቀብዬ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አትሜ በማግስቱ ፈቃዱን ወደሰጠኝ ቢሮ እወስዳለሁ። እኚያ የዕድሜ ባለጸጋ ሠራተኛ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የመጀመሪያውን ጥንድ ፎቶ የሰጠሁት ለእሳቸው ነበር፤ ከደብዳቤዬ ጋር አያይዘው ወደ ማህደሩ አስገቡት።